ልጄና አባቱ በአንድ ፎቶ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ብቸና ላይ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ገና አላባራም ነበር።

ያን ጊዜ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ባለቤቴ ደምሴ የሞጣ ሰው ነበር። ልጃችን ይበልጣል ገና መዳህ ሳይጀምር ደምሴ በአጭር ሕመም ዐረፈ። ሌላ ልጅ የለኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ አደገልኝ፤ ተማረ፤ አዲስ አበባ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ።

ሥራው የሠርግ መጥሪያና የምርቃት ባነር ማዘጋጀት ነው። ከሁሉ የሚበዛው ግን የሙት ዓመት መታሰቢያ ፎቶ ነው። ሟቹን ከደመና ጋር፣ ከመስቀልና ከሻማ ጋር ያቀናብራል። እናትና አባታቸውን በተለያየ ዘመን ያጡ ሰዎች ሲመጡ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ይሠራላቸዋል። ድሮ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበት የነበረውን አሁን ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወዲያው እንደሚያወጣለት ነግሮኝ ነበር።

"የምፈልገውን እጽፍለታለሁ፤ እሱ ይሠራዋል" አለኝ።

"ደግ" አልኩት። የእኔ ስልክ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም ነበር።

ጾሙ ሊገባ ሲል ደወለ። "እማ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ዘንድሮ ሱባኤ እገባለሁ" አለኝ። ገዳሙ ከዓባይ ማዶ ነው። ስልኩን እንደሚዘጋ ነገረኝና፣ ክፉ ነገር ቢገጥመኝ ብሎ የገዳሙን እንግዳ ተቀባይ አባት ስልክ አስያዘኝ።

"ለማንም አትንገሪ" አለ።

ባይለኝም አልናገርም ነበር። ሱባኤ የሚገባ ሰው ገባሁ ብሎ አያወራም። ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ ነው፤ ለሰው ጆሮ ሲደርስ ውዳሴ ከንቱ ይሆናል። ለጎረቤት እንኳ አልተነፈስኩም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አለነ ደወለልኝ። አለነ የደምሴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሞጣ ከእናቱ ጋር ይኖራል።

"እትዬ፣ እማማ ትንሽ አሟቸዋል። ብትመጪ ጥሩ ነው" አለኝ።

"ምን ሆኑ?"

"ትንሽ ነው። ግን ዛሬውኑ ነይ።"

"እስኪ ላናግራቸው።"

"ተኝተዋል" አለና ዘጋው።

እማማ የውብዳር አማቴ ናቸው። ከደምሴ ሞት በኋላም እንደ ልጃቸው ነው ያዩኝ። ቅያሪ ልብሴን በዘንቢል አድርጌ ስወጣ ጎረቤቴ ጥሩዬ በሬ ላይ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

"እኔም ሞጣ ጉዳይ አለኝ፤ አብረን እንሂድ" አለችኝ።

"ሱቅሽስ?"

"ይዘጋ።"

ዘንቢሌን ከእጄ ወሰደችው። ጥሩዬ በልጇ ሠርግ ቀን እንኳ እስከ ረፋድ ድረስ ስኳርና ሳሙና ስትሸጥ የቆየች ሴት ናት። ምን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔ ብዙ አልጠይቅም፤ እሷ ደግሞ ሳትጠየቅ የምትናገር ናት። ያን ቀን ግን አልተናገረችም።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ። ጥሩዬ መኪና ከተሳፈረች ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ ከፊት የተቀመጠውን ሰው ሳታዋራ አትቀርም። ያን ቀን ዝናቡን በመስኮት ታያለች። ስልኳ ይጠራል፤ አይታ ትዘጋዋለች። ደብረ ወርቅ ስንቆም ግን አነሣችው።

"አዎ፣ መንገድ ላይ ነን… አብራኝ ናት… ኧረ ምንም አላለች" አለች በዝግታ።

"ማነው?" አልኳት።

"አለነ ነው።"

"አለነን ከመቼ ጀምሮ ታውቂዋለሽ?"

ወደ መስኮቱ ዞረች። "ከዛሬ ጀምሮ" አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው "እገሌ ታሟል" ተብሎ ይጠራል፤ ብቻውን እንዳይሳፈር አንድ የሚያውቀው ሰው ይታከልበታል። ለሌሎች ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። እማማ ዐርፈዋል ማለት ነው አልኩ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አለቀስኩላቸው። "ነፍሳቸውን ይማር" አልኩ። ጥሩዬ ክንዴን ጠበቅ አደረገችው።

የመርጡለ ማርያምን መታጠፊያ አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ለእማማ ጸለይኩ። ብዙ ኖረዋል፤ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ሥጋ ወደሙን ተቀብለዋል። የከፋ ሞት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሞጣ ስንደርስ ዝናቡ ቆሞ ነበር። ከመናኸሪያው በእግራችን ሄደን የእማማን ግቢ በር ገፋሁት። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቀመጡበት ተነሡ።

እማማ የውብዳር በሩ ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። በሕይወት አሉ። ጤነኛ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ።

"መጣሽ ልጄ" አሉኝ።

ስለ እሳቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነልኝም። እማማ ካልታመሙ፣ እማማ ካልሞቱ፣ እኔ የተጠራሁት ለማን ነው? በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ሰው ማን ነው?

"ተሻላቸው እኮ!" አለ አለነ ፈጥኖ።

"እኔ መቼ ታመምኩ!" አሉ እማማ። "ተኚ ቢለኝ እንቢ አልኩት። ለልጄ ሚስት ተኝቼ አልዋሽም።"

ወደ ቤት አስገቡኝ። ሙሉ የምትባለው የአለነ ሚስት ሽሮና ጎመን የቀረበበትን ትሪ ፊቴ አስቀመጠች። "ቅዳሴ ወጥቷል፤ ብይ እትዬ" አለችኝ።

"አልራበኝም።"

"ትንሽ ቅመሺ። መንገድ ነው የመጣሽው።"

አለነ ራሱ እጁን ታጥቦ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ ዘረጋ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚሰነብት አይታወቅምና። ማደሪያ ተሰጥቶት ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እኔ ግን እስከ ንጋት መጠበቅ አልቻልኩም።

የአለነን እጅ መለስኩት።

"ይበልጣል ነው?" አልኩ።

አለነ ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። የቤቱ የነፍስ አባት መምሬ ካሳ ከጥግ ተነሥተው መጡ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን…" ብለው ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። እናት የሆነች ታውቀዋለች። ያልሆነችም አትወቀው።

ድምፄ ሲያልቅ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጥሩዬ ከኋላዬ ይዛኛለች። በዚያ ዓመት የወጣት ሞት ሩቅ ወሬ አልነበረም። መንገድ ላይ ይሁን፣ ሌላ ቦታ ይሁን፣ አሳቤ ሁሉንም ዞረ።

"የት ነው ያለው? አስከሬኑ የት ነው?" አልኩ።



"አላወቅንም እትዬ" አለ አለነ።

"ማን ነገራችሁ?"

"ፎቶው ወጥቷል። ከትናንት ወዲያ እዚህ ሞጣ የሰው ሁሉ ስልክ ላይ ደረሰ።"

"የምን ፎቶ?"

"የመታሰቢያ። ከደምሴ ጋር ሆነው።"

"ደምሴ ሲሞት እሱ ጡት ላይ ነበር። ምን ፎቶ አላቸው?"

"እንደሚያደርጉት ነው እንጂ… ሟቾቹን አንድ ላይ ሲያደርጓቸው" አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ስልኩን ሞከርን፤ ዝግ ነው። ማተሚያ ቤቱ ደወልን፤ ፈቃድ ወጥቷል ከማለት በቀር አያውቁም። ምን እንበል?" አለ።

"አሳየኝ።"

"ኧረ ለእናት አይታይም!" አለች ሙሉ።

"አሳያት" አሉ እማማ ከበሩ። "ልጇ ነው፤ ባሏም ነው።"

አለነ ስልኩን ሰጠኝ።

ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ከኋላቸው ደመናና ብርሃን አለ። በአንድ በኩል መስቀል፣ በሌላ በኩል የበራ ሻማ አለ፤ ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ተሰክቷል። አንዱ ልጄ ነው። አንዱ ደምሴ ነው። የደምሴን ፊት አወቅሁት፤ ከመታወቂያው ላይ ከተወሰደችው ጉርድ ፎቶ ነው የወጣው። የቀረውን ማሽኑ ጨምሮለታል፤ ትከሻውን፣ እጁን፣ ቁመቱን። እጁን የልጁ ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። ደምሴ በሞተበት ዕድሜው ነው ያለው። ልጄ ደግሞ ከዚያ ዕድሜ አልፏል። አባትና ልጅ አይመስሉም፤ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ታላቁ ልጄ ነው።

ብዙ አየሁት። ከዚያ አለነ ቀደም ብሎ ያለው ወደ ጆሮዬ ተመለሰ። ስልኩ ዝግ ነው ብሏል።

"ስልኩ ዝግ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ" አልኩ።

"ምን?" አለ አለነ።

"ሱባኤ ገብቶ ነው። ዘግቼዋለሁ ብሎኛል።"



"እና ለምን አልነገርሽንም?" አለ አለነ።

"እናንተስ ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

ለእናት "ልጅሽ ሞቷል የሚባለው እውነት ነው?" ተብሎ አይደወልም። የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከሰው ሁሉ ተለይቼ የማልጠየቀውም እኔ ነበርኩ።

ልቤ ትንሽ ቀና ሲል መምሬ ካሳ ጺማቸውን ይዘው "ሱባኤ መግባቱ ደግ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ገዳም ያለ ሰው ፎቶ አያወጣም። ይህን ያወጣው ማነው?"

ተመልሼ ወደቅሁ። እውነታቸውን ነው። እሱ ገዳም ከሆነ ሌላ ሰው ነው ያወጣው። ሌላ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ፎቶ ለምን ያወጣል? ገዳሙ ውስጥ አንድ ነገር ደርሶበት፣ ጓደኞቹ ሰምተው ቢሆንስ?

ዘንቢሌን አምጡልኝ አልኩና ስልኬን አወጣሁ። የእንግዳ ተቀባዩን አባት ስልክ ፈለግሁ። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ዳገት ላይ ይይዛል አሉኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ጭቃው እግር ይውጣል። ዞር ብዬ ሳይ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ይከተለኛል፤ እማማ ሳይቀሩ በሁለት ሰው ተደግፈው ይወጣሉ።

ደወልኩ። "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊያገኟቸው አይችሉም" አለችኝ ሴትዮዋ። ደግሜ ደወልኩ። ያንኑ አለችኝ። ጥሩዬ "ስልኩን ከፍ አድርጊው" አለችኝና እጄን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው፤ ድምፁንም ከፍ አድርጋ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። ከንፈሬ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ይላል፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ጠራ።

"ማነው?" አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ማነሽ?"

"ልጅ አለኝ እዚያ። ይበልጣል ደምሴ ይባላል።"

"በዓለም ስም አናውቅም። ክርስትና ስሙ?"

"ኃይለ ማርያም።"

"ኃይለ ማርያም ብዙ ነው።"

"ረጅም ነው አባቴ። ቀጭን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ።"



"እ… ያ ረጅሙ?" አሉ። "መነጽር ያለው?"

"አዎ አባቴ። ምን ሆነ?"

"ምን ይሆናል፤ ንፍሮ አሳረረብን እንጂ! ዛሬ ተራው ነበር። ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላ ባቄላ አንድዶ አንድዶ ከድስቱ ጋር አጣበቀው። አሁን ድስቱን እየፈተገ ነው።"

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ከኋላዬ እልልታ ተነሣ፤ ለቅሶም ነበረበት፤ ሣቅም ነበረበት። መነኩሴው "ምንድነው? ምን ሆናችሁ?" ይላሉ። በመጨረሻ የልጄን ድምፅ እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። "ሥራ ላይ ነው" ብለው ነበር፤ መለስ ብለው ግን "ቆይ እሺ" አሉ።

"እማ?" አለ ልጄ።

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ።

"እማ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"አንተ" አልኩት።

"እ?"

"ሞጣ ላይ ሞተሃል። እኔም አልቅሼልህ መምጣቴ ነው። ያ ፎቶ ምንድነው?"

"የቱ ፎቶ?"

"ከአባትህ ጋር የቆምክበት።"

በዝግታ ነገረኝ። ሱባኤ ሊገባ ሲል የአባቱ ሙት ዓመት ነበር። "ሥራ ቦታ ለሰው ሁሉ እሠራለሁ እማ። ሰዎች ሲወስዱት ሲያለቅሱ አያለሁ። እኔ ከአባዬ ጋር አንድም ፎቶ የለኝም። አንድ ቀን ለራሴ ልሥራ ብዬ ነው። የእሱን ጉርድ ፎቶና የእኔን ሰጠሁት፤ ጎን ለጎን አቁመን አልኩት። ገጼ ላይ ለጠፍኩትና ስልኬን ዘጋሁ።"

"ሻማውስ? ሪባኑስ?"

"ለአባዬ ነዋ! የሙት ዓመት አይደል? እጄም ለምዷል፤ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ከሥሩ 'ለአባቴ መታሰቢያ፣ ከልጅህ' ብዬ ጽፌበታለሁ እኮ።"

አለነ ስልኩን አየ። ጽሑፍ የለም። ከስልክ ወደ ስልክ ሲያልፍ አንዱ ፎቶውን ብቻ ቆርጦ ወስዶታል፤ ጽሑፉ ከሥር ቀርቷል።

"ልምጣ እማ? አሁኑኑ ልነሣ?"

"አትምጣ" አልኩት። "ሱባኤህን ጨርስ።"

"ኧረ እትዬ ይምጣ!" አለ አለነ። "ሕዝቡ በዓይኑ ካላየው ያምናል?"

"በዓይናችሁ አይታችሁ ነው የገደላችሁት" አልኩት። "አሁን በጆሮ ይበቃል።"

መነኩሴው "በሉ ስልኬን፤ ድስቱ ይጠብቀዋል" ሲሉ ሰማን።

ቁልቁል ስንወርድ ሙሉ "እንጃ እትዬ፣ አሁን እኮ ድምፅም ይሠራሉ አሉ" ብላ ሹክ አለችኝ። እማማ ሰሟት። "ንፍሮ የሚያሳርር ማሽን ካለ አምጪና አሳዪኝ!" አሏት። ሰው ሁሉ ሣቀ። ሙሉም ሣቀች።

ለለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ በላን። ለለቅሶው ብለው ከጓሮ የዘረጉትን ድንኳን ማንም አላፈረሰውም፤ ዝናቡ መልሶ ስለመጣ ከሥሩ ተጠለልን። ጥሩዬ አፏ ተከፈተ። "ከብቸና እስከ ሞጣ እንዲህ ያለ ዝምታ! ምላሴ ሊደርቅ ነበር" እያለች መንገዱን ሁሉ አወራችው፤ እኔ ለእማማ ያለቀስኩትን ጭምር።

"ለእኔም አለቀስሽ?" አሉ እማማ።

"አለቀስኩ።"

"ደኅና አድርገሽ?"

"ደኅና አድርጌ።"

"እሰይ። አሁን ብሞት አይቆጨኝም" አሉ።

ሰው ሲቀንስ መምሬ ካሳን ጠየቅኋቸው። የሞተን ሰው እንዲህ አድርጎ ማቆም ኃጢአት ይሆን? ልቤን የከበደኝ እሱ ነበር።

"ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያሉትን ቅዱሳን የሣላቸው ሰው በዓይኑ አላያቸውም" አሉኝ። "ግን የሣለው ሥዕል እንደሆነ ያየው ሁሉ ያውቃል። ይህ የልጅሽ ነገር ግን እውነተኛ ፎቶ ይመስላል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። አባቱን መናፈቁ ኃጢአት አይደለም።"

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በእናንተም ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሳይደርስ አልቀረም። እኔ ባደግሁበት ዘመን ፎቶ ምስክር ነበር። እዚያ ቦታ፣ ያን ቀን፣ እነዚያ ሰዎች አብረው ቆመዋል ማለት ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። የልጄ ፎቶ ውሸት አልነበረም፤ ምኞት ነበር። እኛ ደግሞ የሰውን ምኞት እንደ ምስክር ተቀበልነው። ማሽኑ ያዘዙትን ነው የሠራው። ልጄም ክፉ አላሰበም። የሞጣ ዘመዶቼም ለእኔ አዝነው፣ ደጋጎቹ አባቶቻችን እንዳደረጉት አደረጉ። ማንንም የምቀየምበት ነገር አጣሁ፤ ስለዚህ አመሰገንኩ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤተሰብ ፎቶ አይቶ የሚያለቅስ የለም። አለነ ነገር ሲሰማ ይደውልልኛል። "እትዬ ክፉ አይደለም፤ ልጠይቅሽ ብቻ ነው" ብሎ ይጀምራል። ለመጠየቅ ነውር የነበረው አሁን ይጠየቃል። ልጄም በሥራው ቀጥሏል፤ እንጀራው ነው። ግን ጽሑፉን ከሥር አያደርገውም፤ ማንም ቆርጦ እንዳይጥለው ፎቶው መሐል ላይ ያሳርፈዋል። ደንበኞች "ፎቶውን አበላሸኸው" ይሉታል አሉ። "ይበላሽ" ይላቸዋል።

ሱባኤውን ፈጽሞ ብቸና ሲመጣ ስለ አባቱ ጠየቀኝ። ብዙ ተናጋሪ አይደለሁም፤ ግን ነገርኩት። ደምሴ በጣም ረጅም አልነበረም፤ ማሽኑ ነው ያስረዘመው። ልጁን ሲይዝ ትከሻ ላይ እጁን አይጥልም፤ ጀርባውን መታ መታ ያደርጋል። እያዘነበለ ነው የሚሄደው። ልጄ እየሰማ ነበር። ማሽኑ ላይ ላስተካክለው አላለም። "እሺ፣ ሌላስ?" ነበር የሚለኝ። ሌላም ነገርኩት።

ወደዚያ ቀን ማግስት ልመልሳችሁና ላብቃ።

ጠዋት ኪዳን አስደርሼ፣ ያቺን ቀን ለሰጠኝ አምላክ ሰግጄ፣ ከአለነ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት የምትሠራው። አለነ ፎቶውን ላከላት። ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"ነፍስ ይማር" አለችኝ።

"ልጁ አለ" አልኳት። "አባቱን ነው ነፍስ ይማር የምንለው።"

ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔም ስልኩ ላይ በጣቴ አሳየኋት።

"ሻማውን አጥፊልኝ። ጥቁሩንም ሪባን አንሺልኝ።"

"መስቀሉንስ?"

"መስቀሉ ይቆይ።"

የሆነ ነገር ጻፈች። ሻማው ጠፋ፤ ሪባኑም ጠፋ፤ ሻማው የነበረበት ቦታ ላይ ደመናው ገብቶ ሞላው። ሁለቱ ቆመው ቀሩ።

"ሌላ ምን ልቀይርልሽ እናቴ?" አለችኝ። "ልጅሽ ኮስተር ብሏል። ፈገግ ላድርገው? ወዲያው ነው የሚያደርገው።"

"ተዪው" አልኳት። "እሱ በሕይወት አለ። ሲመጣ ራሱ ይስቅልኛል።"

ካተመችልኝ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁና፣ ዝናብ እንዳይነካው በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ወጣሁ።